የእግዜር እንግዳ በልጆች ቁም ሳጥን

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሳሎኑ የልጆች ሆኗል። ዝናቡ ወደ ግቢ አላስወጣ ሲላቸው ቴሌቪዥኑ ሥር ይሰፍራሉ፤ እዚያ ላይ ደግሞ ሰው ሲተኳኮስ ነው የሚውለው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሪሞቱን ተቀብዬ ፊልሙን እኔ መረጥኩላቸው። ከባለቤቴ ሃርድ ዲስክ ላይ የስቲቨን ስፒልበርግን «ኢ.ቲ.» አገኘሁት። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1982 ነው፤ በእኛ ሰኔ 4 ቀን 1974 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ጋ የደረሰው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስንቀመጥ ነበር። ያኔ እንግሊዝኛው አይገባኝም ነበር፤ ታሪኩ ግን አላመለጠኝም።

ተመልካቾቼ ሦስት ናቸው። ልጄ ሚጣ 5 ዓመቷ ነው። ማሙሽ የታናሽ እህቴ ልጅ ነው፤ 9 ሞልቶታል። እናቱ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሷ ከሄደች ወዲህ የሚያድገው እኛ ጋ ነው። ሦስተኛዋ እናቴ ናት፤ ሶፋው ጥግ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ለፊልም ቦታ የላትም፤ የተቀመጠችው ክፍሉ ስለሚሞቅ ነው።

ፊልሙ በአማርኛ ስላልተዘጋጀ እያየሁ እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግን ነጋሪ አይፈልጉም። በሌሊት ጫካ ውስጥ መንኮራኩር አርፏል። አጫጭር ፍጡሮች ወርደው ዕፅዋት ይለቅማሉ። የሰዎች መኪና መብራት ሲመጣ ተጣድፈው ይነሳሉ፤ አንዱ፣ ኢ.ቲ.፣ ራቅ ብሎ ስለነበር ይቀራል። ከላይ መንኮራኩሩ ሲርቅ፣ ከታች እሱ ቆሞ ሲያይ፣ አንድም ንግግር የለም። ማሙሽ ቀስ ብሎ «ጥለውት ሄዱ» አለ።

እናቴ የኢ.ቲ.ን ፊት እንዳየች አማተበች።

«በስመ አብ! ምንድን ነው እሱ? ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይታያል እንዴ?»

«እማዬ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው። ወገኖቹ ጥለውት ሄዱ።»

ትንሽ ዝም ብላ «ይብላኝለት» አለች።

ከዚያ የኤልየት ቤት መጣ። ኤልየት ከማሙሽ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነው፤ ታላቅ ወንድም አለው ማይክል፣ ታናሽ እህት አለችው ገርቲ። ራት ላይ ጓሮ ውስጥ ያየውን ፍጡር ሲናገር የሚያምነው ያጣል፤ «አባዬ ቢኖር ያምነኝ ነበር» ይላል። እናቱ ደውልለት ስትለው፣ አባቱ ከሌላ ሴት ጋር ሜክሲኮ መሄዱን በሁሉ ፊት ያወጣዋል። እናቱ ከገበታው ተነስታ ዕንባዋን ስትደብቅ ይታያል።

ማሙሽ «አባቱ የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ሜክሲኮ።»

«ሜክሲኮ አደባባይ?»

«አይደለም፣ ሌላ አገር ነው። ሩቅ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

ፊልሙ እሱን አይናገርም፤ አባትየው እስከ መጨረሻው አይመጣም። «አልተነገረም» አልኩት። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ የቀረው ለነገ ተላለፈ።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

መብራት ሌሊት መጥቶ አደረ። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ልጆቹ ጎትተው አስቀመጧት።

ኤልየት ኢ.ቲ.ን ከጫካ ወደ ቤት የሚያመጣው ከረሜላ በመንገድ ላይ እየጣለ ነው። ማርስ የተባለው ኩባንያ ኤም ኤንድ ኤም የሚባለው ከረሜላው በፊልሙ እንዲገባ ሲጠየቅ እምቢ ብሏል፤ ቦታውን ሪስስ ፒስስ ወሰደው። ልጆቼን ግን የማረካቸው ቁም ሳጥኑ ነው። ኤልየት እንግዳውን መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ልብስና አሻንጉሊት መሐል ይደብቀዋል። እናትየው ሳጥኑን ከፍታ ታያለች፤ ከአሻንጉሊቶቹ መሐል ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያዩዋታል፤ እሷ ግን ሳታውቀው ዘግታ ትሄዳለች። ሚጣ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ምንጣፉ ላይ ተንከባለለች።

በዚህ መሐል እናቴ ፊልሙን በራሷ መንገድ ፈታችው። «የእግዜር እንግዳ ነው» አለች። «አብርሃም እንዲህ አይደል እንዴ? ከየት መጣችሁ፣ ማን ናችሁ ሳይል እግራቸውን አጥቦ ማዕድ አቀረበ፤ ሥላሴ ነበሩ።» ከዚህ በኋላ መቁጠሪያውን ኪሷ ከተተችው። ኤልየት የሚበላ ሲያቀርብ «እሰይ የኔ ልጅ!» ትላለች፤ ኢ.ቲ.ን የሚፈልጉት ሰዎች ቤቱን ሲሰልሉ ትቆጣለች።

እኔ በስክሪፕትና በካሜራ ቋንቋ ልገልጸው የምሞክረውን ነገር እሷ በአንድ ቃል ደረሰችበት። የኤልየት ትልቅነት ኢ.ቲ. ምን እንደሆነ ሳያውቅ መቀበሉ ነው። ትልልቆቹ በመሣሪያ ሊለኩት፣ ሊመረምሩት ይሯሯጣሉ። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ማብላት ነው፤ ቀጥሎ መጫወቻዎቹን አሳየው፤ ቀጥሎ ማደሪያ ሰጠው።

ከልጆቹ ጋር መሬት ቁጭ ብዬ ሳየው ከዚህ በፊት በደንብ ያላስተዋልኩት ነገር ጎልቶ ታየኝ። ካሜራው ብዙውን ጊዜ በልጅ ቁመት ላይ ነው። ትልልቅ ወንዶች ከወገብ በታች ብቻ ይታያሉ። ከቀበቶው ላይ ቁልፍ የሚንጫጫበት ሰው አለ፤ ፊቱን የምናየው ፊልሙ ሊያልቅ ሲቃረብ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ በሚታየው የእንቁራሪት ትዕይንት ላይ ያለው መምህር ፊቱ ጭራሽ አይታይም። ከአዋቂዎች መሐል ፊቷ ሁልጊዜ የሚታየው እናትየው ብቻ ናት። ለልጅ ዓለም እንዲህ ነው የሚታየው፤ የእናት ፊት፣ ከዚያ ብዙ እግርና ብዙ ቀበቶ። ስፒልበርግ ይህን የወሰነው ለጌጥ አይመስለኝም። ትልቅ ሰው ሆኖ ፊልሙን የሚያይ ሁሉ፣ ሳይወድ በግድ ወደ ልጆቹ ቁመት ይወርዳል።

ማታ ሚጣ ኢ.ቲ. የት እንደሚተኛ ጠየቀችኝ። አሻንጉሊት ነው ማለት ከበደኝ። ገርቲን ሆና የተጫወተችው ድሩ ባሪሞር ያኔ 6 ዓመቷ ነበር፤ እሷም ኢ.ቲ. በሕይወት ያለ ነው ብላ ታምን ነበር። በዕረፍት ሰዓት ከጎኑ ተቀምጣ ስታወራለት ስላገኟት፣ እሷ በምትቀርብበት ጊዜ ዓይኑንና ፊቱን የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች አጠገቡ እንዲቆዩ ተደረገ። ብርድ እንዳይመታው ብላም አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠመጠመችለት። ትልልቅ ሰዎች ለአንዲት ሕፃን እምነት እንዲህ ሥራ መመደባቸውን ሳስብ፣ ፊልሙ ውስጥ ያለው ርኅራኄ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ያንን ፍጡር የሠራው ካርሎ ራምባልዲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ፊቱን ሲነድፉ የአልበርት አንስታይን፣ የኧርነስት ሄሚንግዌይና የገጣሚው ካርል ሳንድበርግ ፎቶዎች ታይተዋል፤ ያረጀና የደከመ፣ ብዙ ያየ ፊት እንዲሆን ነው። በአንዳንዱ ትዕይንት ደግሞ ልብሱ ውስጥ ገብቶ የሚራመደው ያለ እግር የተወለደ ልጅ ነበር፤ በእጆቹ ነው የሚሄደው። ድምፁ የአንዲት አሮጊት አጫሽ ሴት ነው፤ ፓት ዌልሽ ትባላለች፤ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ነው ያገኛት። ይህን ለእናቴ ስነግራት «አየሽ፣ እንዳሮጊት ነው የሚናገረው ብዬሽ ነበር» አለች፤ በእውነትም ብላኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ነገ ፍልሰታ ይገባል። ከሥራ ስመለስ ሽሮና በርበሬ ገዝቼ ገባሁ።

ማታ 5 ሰዓት ላይ እህቴ በኢሞ ደወለች። አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ነው የምትደውለው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት አድሳለች። ደመወዙ ትንሽ ተጨምሮላታል፤ የማሙሽን ትምህርትና የእናቴን መድኃኒት እያሰበች ነው፤ እኔ በዚህ ምንም አልፈርድባትም። የከበደኝ ቀጥሎ ያለችው ነው።

«ለእሱ አትንገሩት። ለገና ትመጣለች በሉት። ገና ሲደርስ ደግሞ ለፋሲካ እንለዋለን።»

እናቴም ከጎኔ ሆና «አዎ፣ ሕፃን ልጅ ምን ያደርግለታል፤ ሆዱ ይባባል» አለች።

«ትዕግሥት ስጡኝ፣ እንነጋገርበታለን» ብዬ ዘጋሁ።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። በየሰፈሩ እናቱ ወይም አባቱ ዓረብ አገር ያለ ልጅ አለ፤ ብዙዎቹም «ነገ ትመጣለች» እየተባሉ ነው የሚያድጉት። የምንዋሸው ስለምንወዳቸው ነው። ልጁ ግን ይቆጥራል። ገና ያልፋል፣ ፋሲካ ያልፋል፤ እናቱም ያልመጣች፣ አያቱም የተናገረችው ያልሆነ ሰው ትሆንበታለች።

ይህን ሳስብ ሐሳቤ ወደ ፊልሙ ተመለሰ። ስፒልበርግ ወላጆቹ የተፋቱበት ልጅ ነበር። ብቻውን ሲሆን የሚያዋራው፣ ከሌላ ዓለም የመጣ የምናብ ጓደኛ ፈጥሮ እንደነበር ተናግሯል፤ ኢ.ቲ. የተወለደው ከዚያ ነው። በኋላ ቱኒዚያ በረሃ ውስጥ ሌላ ፊልም ሲቀርጽ ሐሳቡን ለፊልም ጸሐፊዋ ሜሊሳ ማቲሰን አጫወታት፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ በ8 ሳምንት ጽፋ ሰጠችው። ከዚያ በፊት የፈረስና የልጅን ወዳጅነት የሚተርክ ፊልም ጽፋ ነበርና፣ ልጅ ከማይናገር ፍጡር ጋር እንዴት እንደሚግባባ ታውቃለች። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም አባትየውን አለማምጣታቸው ነው። ሌላ ደራሲ ቢሆን መጨረሻ ላይ በሩን አንኳኩቶ እንዲገባ ያደርገው ነበር፤ ተመልካች ያጨበጭብ ነበር። እነሱ ግን አባት ሜክሲኮ እንዳለ ተዉት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ልጆቹ በልመና አስገደዱኝ፤ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳይቆራረጥ አየነው። 115 ደቂቃ ነው።

ኢ.ቲ. ወደ ቤቱ መደወል ይፈልጋል። ፊደል ከሚያስተምር የልጆች መጫወቻ፣ ከጃንጥላ፣ ከክብ መጋዝ ምላጭና ከሸክላ ማጫወቻ የራሱን መሣሪያ ይገጣጥማል። ማሙሽ እዚህ ላይ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ካርድ አልሞላም እኮ።»

«እሱ ካርድ አያስፈልገውም።»

«እነሱ ጋ ኔትወርክ አለ?»

«ሩቅ ስለሆነ ነው ይህን ሁሉ የሚሠራው።»

«የእነሱ ቤት ከሪያድ ይርቃል?»

«በጣም ይርቃል።»

«ከዚያ ድረስ ከሰሙት ጥሩ ነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ለመሣሪያው ዕቃ ፍለጋ ጋራዥ ሲገቡ የአባታቸውን ሸሚዝ ያገኛሉ። ኤልየት ያሸተዋል፤ ወንድሙም ይቀበለውና ያሸታል። ሽቶው የዚህ ነው፣ የለም የዚያ ነው ይባባላሉ። አባታቸው ኳስ ሊያሳያቸው ይወስዳቸው የነበረበትን ጊዜ ያነሳሉ። ከደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ማንም አያለቅስም፤ ሙዚቃውም አይጮኽም። ማሙሽ «ይሄን ድገሚልኝ» አለኝ፤ ደገምኩለት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። በእኔ ዓይን ከዚህ ፊልም የሚበልጠው ትዕይንት ኤልየትና ኢ.ቲ. በሚበር ብስክሌት ጨረቃዋን የሚያቋርጡበት ሳይሆን ይህ ነው፤ የጨረቃውን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ሸሚዙን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ኢ.ቲ. ታመመ። ወንዝ ዳር ገርጥቶ፣ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ቤቱን የጠፈርተኛ ልብስ የለበሱ ሰዎች ይወሩታል፤ በፕላስቲክ ይሸፍኑታል፤ ኤልየትና ኢ.ቲ. ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሚጣ ፊቷን ጭኔ ውስጥ ቀበረች። እናቴ «አጥፊው! ልጅቷን አስለቀስሻት» አለች። ያላጠፋሁት እዚህ ላይ የሚያቆም ልጅ በልቡ የሚይዘው ሞቱን ብቻ ስለሚሆን ነው። አቀፍኳት፤ «እኔ አለሁ፣ ቆይ እንይ» አልኳት። ማሙሽ ግን አላለቀሰም። ማሰሮው ውስጥ ያለችውን አበባ አየ፤ ኢ.ቲ. ሲደክም የጠወለገችው አበባ ቀና ስትል ከኤልየት እኩል አያት። «ድኗል! አበባዋን እዪ፣ ድኗል!» ብሎ የሚጣን ራስ ቀና አደረገው። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

የልጆቹ ሐዘን የተጫወቱት አይመስልም። ስፒልበርግ ፊልሙን የቀረጸው በአብዛኛው በታሪኩ ቅደም ተከተል ነው፤ መጨረሻው ሲደርስ ልጆቹ ከዚያ ፍጡር ጋር ወራት አሳልፈዋል፣ ስንብቱም የእውነት ሆነባቸው። ኤልየትን የተጫወተው ሄንሪ ቶማስ ለሙከራ ሲቀርብ፣ የሚወደውን ሊወስዱበት እንደመጡ አድርጎ እንዲጫወት ተነግሮት አምርሮ አለቀሰ፤ የሞተ ውሻውን አስቦ ነበር። ስፒልበርግ እዚያው ቀጠረው።

ስዊድን በወቅቱ ፊልሙን ከ11 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክላ ነበር፤ አዋቂዎችን የልጆች ጠላት አድርጎ ያሳያል ተብሎ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ቁልፍ የሚንጫጫበት ሰው በመጨረሻ ፊቱ ሲታይ፣ ለኤልየት የሚነግረው እሱም ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ይህን ሲመኝ እንደኖረ ነው። ጠላት አይደለም፤ ልጅ የነበረ፣ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ነው። የሚያስፈሩት ሰዎች የሚያስፈሩት ለልጆቹ ምንም ስለማይነግሯቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፊልሙ እንደገና ሲወጣ ፖሊሶቹ የያዙት ጠመንጃ በኮምፒውተር ጠፍቶ የሬዲዮ መገናኛ ሆኖ ነበር። ስፒልበርግ በኋላ በዚህ ተጸጽቷል፤ ጠመንጃው ወደ ቦታው ተመልሷል። መልካም አደረገ። ልጅን ከፍርሃት የሚጠብቀው ጠመንጃውን ከሥዕሉ መፋቅ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ቢሮ ውስጥ ስለዚህ ፊልም ሳወራ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «እንደዚህ ዓይነት ነገር ለእኛ ልጆች ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ አሰብኩበት።

እኔ ባደግኩባቸው ተረቶች ውስጥ ከጨለማ የሚመጣው የማይታወቅ ፍጡር ጭራቅ ነው፤ የሚመጣውም ሊበላ ነው። ጅቡም እንደዚያው። ልጅ በጊዜ ቤቱ እንዲገባ ይህ ተረት ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን በሌላው በኩል እናቴ ወዲያው ያነሳችው የአብርሃም ማዕድ አለ። የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ደጅ የሚከፈትበት ባህል አለ። ሁለቱም የእኛ ናቸው፤ ለልጅ ግን አብዝተን የነገርነው የመጀመሪያውን ነው። ይህ ፊልም ለልጆቼ የጨመረላቸው ሁለተኛውን ነው።

አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩልን የምንሰማቸው ስለ ጅቡና ስለ ጦጣው ብቻ ብለን አልነበረም። ከእኛ ጋር ነበር የሚያወሩት፤ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊት፣ «ልጆች» እያሉ። በኋላም ጸሐይ የምትባለዋ የቀጭኔ አሻንጉሊት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው ዝግጅት በአማርኛ ስታወራ ልጆች ተከትለዋታል። ስለዚህ የእኛ ልጆች ከፍጡር ጋር መወዳጀት አያውቁም የሚለው አያስኬድም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

እህቴ ደወለች። ፊልሙን ነገርኳት፤ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አላገኘሁም። እሷም ልጅ ሳለች አይታው ኖሮ ወዲያው ያስታወሰችው ስንብቱን ነው። ኢ.ቲ. «ና» ይላል፤ ኤልየት «ቅር» ይላል። ሁለቱም አይችሉም። ኢ.ቲ. የሚያበራ ጣቱን ወደ ልጁ ግንባር ዘርግቶ፣ እዚሁ እንደሚኖር ይነግረዋል። ተመልሼ እመጣለሁ ብሎ አይዋሽም።

«እህቴ፣ ሁለት ዓመት ነው በይው። ራስሽ ንገሪው። ከእኔ አይሁን፣ ከእማዬም አይሁን።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ቢያለቅስስ?» አለች።

«እኔ አጠገቡ እሆናለሁ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ገና አልተዋጠላትም። «እንግዲህ እናቱ እሷ ናት» ብላ ተወችው።

ሌሊቱን የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃ ብቻዬን መልሼ አየኋቸው። ሙዚቃው የጆን ዊሊያምስ ነው። ለዚህ ክፍል ሙዚቃ ሲቀዳ ከሥዕሉ ጋር አልገጥም ብሎ ሲያስቸግረው፣ ስፒልበርግ ሥዕሉን አጥፍቶ ኦርኬስትራውን እንደ ኮንሰርት በነፃነት እንዲመራ ነገረው፤ ከዚያ ፊልሙን በሙዚቃው ልክ ቆረጠው። በተለመደው አሠራር ሙዚቃ ነው ለሥዕል የሚታዘዘው። እዚህ ላይ ግን ሐዘኑና ደስታው የሚበቃቸውን ጊዜ አግኝተዋል፤ ስንብቱ አይቻኮልም። ዊሊያምስ በዚህ ሥራ ኦስካር አግኝቷል። ፊልሙ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» እስኪበልጠው ድረስ በዓለም ከፍተኛውን ገቢ ያስገባ ነበር። ሁለተኛ ክፍል እንዲሠራ ሐሳብ ተጽፎ ነበር፤ ስፒልበርግ ተወው። ኢ.ቲ. ቢመለስ ስንብቱ ውሸት ይሆን ነበር።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13፣ ቡሄ

ከትናንት ማታ ጀምሮ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ በጅራፍ ጩኸትና በሆያ ሆዬ ተናውጧል። ሙልሙሉን ጋግሬ በር ላይ አዘጋጀሁ። ማሙሽ ከብሎኩ ልጆች ጋር ዱላውን ይዞ ሲወጣ ሚጣ ነጭ ነጠላ እራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለችው። «ኢ.ቲ. ነኝ!» ትላለች። ፊልሙ ውስጥ ኤልየትና ወንድሙ ኢ.ቲ.ን ነጭ አንሶላ አልብሰው፣ የአሜሪካ ልጆች ተሸፋፍነው ከቤት ቤት በሚዞሩበት የሃሎዊን ምሽት ያወጡታል፤ የሚያየው ሁሉ ገርቲ መስላዋለች። ልጆቼ ይህን ያለ እኔ አስታዋሽነት ከቡሄ ጋር አገናኝተውታል። ከቤት ቤት እየዞሩ በዘፈን የሚለምኑበት ቀን ማንም እንግዳ ሊቀላቀል የሚችልበት ቀን መሆኑን ገምተዋል፤ ልክ ናቸው።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። ስልኩን ለማሙሽ ሰጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የሆነውን እንዳለ እጽፋለሁ። ኮንትራት አድሻለሁ፣ ሁለት ዓመት ነው አለችው። ዝም አለ።

«ገና አትመጪም?»

«አልመጣም የኔ ጌታ።»

«ፋሲካስ?»

«አልችልም። ሳልዋሽህ ነው የምነግርህ።»

አለቀሰ። እሷም አለቀሰች። እናቴ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ እጁን በፊቱ ላይ አሳልፎ «ስንት ክፍል ስሆን ነው?» አላት። «አምስተኛን ስትጨርስ» አለችው። ጣቶቹን ቆጠረ። «እሑድ እሑድ ግን ደውይ፤ ስትረሺ እኔ እደውላለሁ» አለ። ከዚያ የሰበሰባቸውን ሙልሙሎች በካሜራው አሳያት፤ ስንት ብር እንዳገኘም ነገራት። እራቱንም በላ። ሌሊት አንድ ጊዜ ነቅቶ ውኃ ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ።

ይህን ያደረገው ፊልሙ ነው አልልም፤ ያደረገችው እናቱ ናት። ፊልሙ ያደረገልን፣ እንዴት እንደሚባል አስቀድሞ ማሳየቱ ነው።

ስለዚህ ለወላጆች የምለው አለኝ። «ኢ.ቲ.»ን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ከ5 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሆናል። ስልክ እየነካካችሁ ከወዲያ ማዶ አትሁኑ፤ አጠገባቸው ተቀመጡ። የሕመሙ ክፍል ሲደርስ ልጁን ያዙት እንጂ አታጥፉት። የቱርክን ድራማ በአማርኛ የምታናግሩልን ባለሙያዎች ደግሞ ሙያው በእጃችሁ ነው፤ የልጆችን ፊልም አስቡልን። እንደ ማሙሽ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው፤ አጠገባቸው ሆኖ የሚተረጉምላቸው ግን ሁሉም የላቸውም።